የአንድ ገጠር ወረዳ የሕዝብ ብዛትና የቀበሌ አከፋፈል፦ ሦስት የማይገናኙ ቁጥሮች ሲገኙ የትኛው ይጻፋል?

ጥያቄ፣ ከአዲስ የፕላን ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ። በአማራ ክልል በአንድ ደጋማ የገጠር ወረዳ፣ በፕላን ሥራ ላይ ከተመደብሁ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የወረዳውን አጠቃላይ ገጽታ የሚያሳይ ሰነድ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሕዝብ ብዛትና የአስተዳደር አከፋፈል ነው። ከሁሉም ቀላሉ ክፍል መስሎኝ ከእሱ ጀመርሁ፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ እስከ አሁን ግን አንዲት መስመር በእርግጠኝነት ጽፌ መዝጋት አልቻልሁም።

ችግሩ እንዲህ ነው። በእጄ ላይ ሦስት የሕዝብ ቁጥሮች አሉ። አንደኛው በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለተኛው ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ትንበያ ሲሆን፣ እንዴት እንደተሰላ የሚገልጽ ነገር አብሮት የለም። ሦስተኛውን እኔው ከየቀበሌው ሥራ አስኪያጆች ጠይቄ የደመርሁት ነው። የቀበሌዎቹ ድምር ከትንበያው በብዙ ይበልጣል፤ የጤና ባለሙያዎቻችን ለክትባት ዕቅድ የሚጠቀሙበት ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል። አንድ ቀበሌ በላከልኝ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ቁጥር በእርሳስ ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ተጽፎበታል፤ ሁለት ቀበሌዎች ደግሞ በሦስት ዜሮ የሚያልቅ ድፍን ቁጥር ነው የላኩልኝ።

በዚህ ላይ የቀበሌዎቹ ዝርዝር ራሱ አይገጥምም። ቆጠራው ሲካሄድ ወረዳችን ከጎረቤቱ ጋር አንድ ነበር፤ የተለየው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ቀበሌዎች ተዋሕደዋል፣ አንዱ ለሁለት ተከፍሏል፣ ዋና ከተማው ደግሞ ራሱን የቻለ የከተማ አስተዳደር ሆኖ ዙሪያውን ካሉት የገጠር ቀበሌዎች የተወሰነውን ይዞ ወጥቷል። እንግዲህ የትኛውን የሕዝብ ቁጥር ልጻፍ? ቀበሌዎቹንስ በድሮው ነው በአሁኑ የምዘረዝራቸው? ከዚህ በፊት ይህን ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፣ ከጡረተኛ የቆጠራ ተቆጣጣሪ

ልጄ፣ ጥያቄህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። በ1987ቱ ቆጠራ ቆጣሪ፣ በ1999ኙ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ቁጥሮቹ መሬት ላይ እንዴት እንደተገኙ በመጀመሪያ ልንገርህ፤ ይህን ካወቅህ የትኛውን እንደምትጽፍ ራስህ ትፈርዳለህ።

በኢትዮጵያ እስካሁን የተካሄዱት አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የ1976ቱ በጦርነቱ ምክንያት አንዳንድ የገጠር አካባቢዎችን በአካል ሳይደርስ በግምት ያጠቃለለ፣ አከፋፈሉም በክፍለ ሀገርና በአውራጃ የሆነ ስለሆነ ለወረዳ ንጽጽር ብዙም አይረዳህም። በ1987 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕዝብ 53,477,265 ሆኖ ተቆጠረ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 73,750,932 ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተቆጠረ የለም። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ በማንኛውም ወረዳ ሰነድ ላይ የምታየው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ወይ የ1999ኙ ነው፣ ወይ ከ1999ኙ ተነሥቶ የተተነበየ ነው፣ ወይም ከአስተዳደር መዝገብ የተለቀመ ነው። ሦስቱ ባሕርያቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ ከዚያኛው ወደዚህኛው ሕዝቡ ይህን ያህል አደገ ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን በየሰነዱ ሲደረግ አያለሁ፣ ባየሁትም ቁጥር ያሳዝነኛል።

ቆጠራው እንዴት እንደተሠራ ልንገርህ። ሕዝቡ ከመቆጠሩ በፊት እያንዳንዱ ቀበሌ የቆጠራ ቦታ ወደሚባሉ ትናንሽ ክልሎች ተከፋፍሎ ነበር። በመላ አገሪቱ ለ1999ኙ ቆጠራ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ተዘጋጅተዋል፤ አንዱ በአማካይ 181 ያህል ቤተሰብ ይይዛል። እያንዳንዱ ቦታ በእጅ የተሠራ ንድፍ ካርታ ነበረው፦ ወንዙ፣ የእግር መንገዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ትልቁ ዋርካ፣ የጎጦቹ ስም። ቆጣሪው መጀመሪያ ወሰኑን ዙሪያውን ይሄድበታል፤ ከዚያ ቤቶቹን እየመዘገበ በበራቸው ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጽፋል። እኔ በተቆጣጠርሁት አካባቢ አንድ ቆጣሪ በካርታው ላይ እንደ ወሰን የተሰመረውን ወንዝ አጥቶ ግማሽ ቀን ቆመን ፈልገናል። በኋላ አንድ እረኛ ልጅ፣ ወንዙ በበጋ እንደሚደርቅና ሰዎቹ በሌላ ስም እንደሚጠሩት ነገረን። ያን ቀን የዚያን ልጅ ቃል ባናገኝ ኖሮ ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጠሩ ነበር ወይ ጭራሽ ይቀሩ ነበር።

ይህን የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም። የቆጠራ ቦታ ከቀበሌ ወሰን አያልፍም፤ ቀበሌም ከወረዳ ወሰን አያልፍም። ስለዚህ ወረዳችሁ ከተከፈለ በኋላ እንኳ የ1999ኙን ቁጥር በአሁኑ ወሰን መልሶ ማቀናበር ይቻላል። የወረዳውን ድምር ትተህ ከ1999ኙ ቆጠራ በቀበሌ ደረጃ የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ ጠይቅ። የድሮውን ወረዳ ቀበሌዎች በሙሉ ጻፍ፤ በእያንዳንዱ ትይዩ አሁን የት እንደሚገኝ አስፍር፦ እዚሁ ወረዳ ውስጥ፣ ጎረቤት ወረዳ ውስጥ፣ ወይም ከተማ አስተዳደሩ ውስጥ። የተዋሐዱትን ደምር። ለሁለት የተከፈለውን ግን በግምት እኩል አትክፈለው፤ በየጎጡ ያለውን የቤተሰብ ብዛት ከአገሬው ሰዎች ጋር ተቀምጠህ አጣራና በዚያ መጠን አካፍለው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይፈጅብህ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ የወረዳችን የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ነው ለማለት የሚያስደፍር ቁጥር ይኖርሃል።

ስሞቹንም ተጠንቀቅባቸው። በ1987 ዓ.ም. አንድ የነበረው በለሳ፣ በኋላ ምሥራቅ በለሳና ምዕራብ በለሳ ተብሏል፤ አቸፈርም ሰሜንና ደቡብ ሆኗል። እነዚህ ስማቸው ራሱ ታሪካቸውን ይናገራል። ላስታ ግን ቀድሞ ቡግና ይባል ከነበረው ወረዳ የወጣ ነው፤ ቡግና የሚለው ስም አሁንም ስላለ፣ የማያውቅ ሰው የድሮውን ቡግና ከአሁኑ ቡግና ጋር አነጻጽሮ ሕዝቡ ሸሽቶ የተሰደደ ሊመስለው ይችላል። ስሙ ሳይለወጥ ወሰኑ ሲለወጥ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

አሁን ወደ ትንበያው ልምጣ። በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከፍተኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. አገሪቱ በዓመት በአማካይ በ2.6 በመቶ አድጋለች። ብዙ ባለሙያ ይህን ቁጥር ወስዶ በየትኛውም ወረዳ ላይ ያባዛዋል። የአማራ ክልል ግን በ1987 ዓ.ም. 13,834,297፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 17,221,976 ሕዝብ ሆኖ ነው የተቆጠረው፤ ይህ ሲሰላ በዓመት 1.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። የክልሉ ቁጥር ከተጠበቀው ማነሱ በጊዜው ብዙ አነጋግሯል፤ እኔ እዚህ ያን ክርክር አልከፍትም። ልዩነቱ በአንድ ወረዳ ላይ ምን እንደሚያመጣ ብቻ ተመልከት። በ1999 ዓ.ም. 100 ሺህ ሕዝብ የነበረውን ወረዳ እንውሰድ እንበል። በ1.7 በመቶ ካሳደግኸው በ2017 ዓ.ም. 135 ሺህ 500 ገደማ ይሆናል፤ በ2.6 በመቶ ካሳደግኸው ደግሞ 158 ሺህ 700 ገደማ። በመካከላቸው ያለው ከ23 ሺህ በላይ ሰው ነው። ማንም ያልወለደው፣ ማንም ያልቀበረው፣ በካልኩሌተር ብቻ የተገኘ ሕዝብ ማለት ነው።

በ2005 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፣ የአገሪቱንና የክልሎችን ትንበያ እ.ኤ.አ. እስከ 2037፣ የወረዳዎችን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ድረስ አዘጋጅቶ ነበር። የመጣልህ ቁጥር ከዚያ የተወሰደ ይሁን ወይም አንድ ሰው በራሱ ያራዘመው ይሁን ላኪውን ጠይቅ። መነሻ ዓመቱ፣ የዕድገት መጠኑና የተሰላበት የወረዳ ወሰን ካልተነገረህ ወደ ሰነድህ አታስገባው።

መልስ፣ ከወረዳ ጤና ባለሙያ

የጋሼ ማብራሪያ በጣም ጠቅሞኛል። የጠያቂው የጤና ቁጥር ለምን እንደሚያንስ ግን እኔ ከሥራዬ አንጻር ልጨምር።

የእኛ ዕቅድ በሙሉ የሚመሠረተው በሕዝብ ብዛት ላይ ነው። በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግልና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመደቡለት ታስቦ ነው የተዘረጋው፤ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ ለ25,000 ሕዝብ። ጋሼ ያሰሉት የ23 ሺህ ሰው ልዩነት እንግዲህ አንድ ሙሉ ጤና ጣቢያ ሊያህል ምንም አልቀረው። ለክትባት የሚደርሱ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን የምናገኘውም ከጠቅላላው ሕዝብ ላይ በመቶኛ እያሰላን ነው። የመነሻው ቁጥር ካነሰ የክትባት ሽፋን ከመቶ በመቶ በላይ ይወጣል። አንድ ዓመት የአንድ ቀበሌ የኩፍኝ ክትባት ሽፋን ከመቶ አልፎ በግምገማ ላይ ተመሰገነ። በጭብጨባው መካከል የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሦስት ጎጦች እስካሁን አልደረስሁባቸውም ብላ ነገረችኝ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ሕፃን ተከትቧል፤ ማዶ ላይ ግን ገና ያልተከተቡ ልጆች ነበሩ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ሕዝብ ቁጥር ሲነሣ የምትመጣብኝ እሷ ናት።

የቀበሌዎቹ ድምር ለምን እንደሚበልጥ ደግሞ እንዲህ ይመስለኛል። የቀበሌ መዝገብ የሚከተለው ቤተሰብን ነው። በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ በአባቱ ስም ሥር ተመዝግቦ ይቆያል፣ ከተማም ሲቆጠር እንደገና ይገባል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ሁመራ የወረደው፣ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው፣ ተድራ ወደ ሌላ ቀበሌ የገባችው ሁሉ ከመዝገቡ ቶሎ አይወጡም። የገጠር መሬት ይዞታ ከነዋሪነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ስሙ እንዳይሰረዝ የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ ነው። በቆጠራ ግን የሚቆጠረው መደበኛ ነዋሪው ነው። ስለዚህ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ዋሽቶ ሳይሆን፣ የጠየቅነውን ጥያቄ በሌላ ትርጉም ተረድቶ የመለሰልን ሊሆን ይችላል።

የእኔ ምክር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙትን የቤተሰብ ማኅደር እንዲመለከቱ ነው፤ ፋሚሊ ፎልደር የምንለው ማለቴ ነው። በየቤቱ እየተዞረ የሚሞላ ስለሆነ በደንብ በተያዘበት ቀበሌ ከማንኛውም መዝገብ ይሻላል። በደንብ ባልተያዘበት ግን አይመኑት፤ ማኅደሩን ከፍተው የመጨረሻው ጽሑፍ የተጻፈበትን ቀን ማየት በቂ ነው። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በቀበሌ ስለሚካሄድ የልደትና የሞት መዝገቡን ጠይቀው ማመሳከር ይችላሉ፤ በገጠር ሞት በአብዛኛው ስለማይመዘገብ በእሱ ብቻ ግን ሕዝብ አይሰላም።

መልስ፣ ከሌላ ክልል የሚሠራ ባለሙያ

በአጭሩ ስለ አከፋፈሉ ስያሜ ልጨምር። ሰነዱ ከወረዳው ውጭ የሚነበብ ከሆነ ቀበሌ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይገባል። በእናንተ አካባቢ ቀበሌው ወደ ጎጥ ይከፋፈላል፤ በትግራይ የዚሁ እርከን አቻ ጣቢያ ሲሆን ከሥሩ ቁሸት አለ፤ በኦሮሚያ ገንዳ ይባላል። የአርብቶ አደር አካባቢ ከሆነ ደግሞ የቀበሌው ወሰን ራሱ እንደ ደጋው የተቆረጠ አይደለም። ሕዝቡ ከውኃና ከግጦሽ ጋር ስለሚንቀሳቀስ በ1999ኙ ቆጠራ አፋርና ሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት ከሌላው አገር ጋር በግንቦት 1999 ሳይሆን በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። ደጋውን ከቆላው ጋር የሚያወዳድር ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው ይህን የስድስት ወር ልዩነት ከግርጌ ቢጽፍ ጥሩ ነው።

ከዚህ በተረፈ ገበሬ ማኅበር የሚለው የድሮ ስም በአዛውንቶች አፍ ስላለ አትደናገሩበት። የገጠሩ ቀበሌ የተወለደው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ነው። አዋጁ አንድ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር መሬት እንዲኖረው ይል ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው አከፋፈል መሠረቱ መሬት እንጂ የሕዝብ ብዛት አልነበረም፤ ዛሬ አንዱ ቀበሌ ከሌላው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሕዝብ ይዞ የምናገኘው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከአዲስ የፕላን ባለሙያ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የቀበሌ ሠንጠረዡን አግኝቼ እርስዎ እንዳሉኝ ማቀናበር ጀምሬአለሁ። ሁለት ነገሮች ግን አሁንም አልገቡኝም። በ1999ኙ ሠንጠረዥ ላይ ወረዳችን የከተማ ሕዝብ እንደነበረው ይታያል፤ ከዋናው ከተማ ሌላ አንዲት በጣም ትንሽ የገበያ መንደርም ከተማ ተብላ ተቆጥራለች። ይህ በምን መለኪያ ነው? ደግሞስ ወረዳው ሲከፈል የፓርላማ ምርጫ ክልሉም አብሮ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? በሰነዱ ውስጥ ስለ ምክር ቤት ውክልና አንድ አንቀጽ እንድጽፍ ተጠይቄአለሁ።

መልስ፣ ከአስተዳደር ሕግ ባለሙያ

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ልመልስ። ወረዳን የሚያቋቁመው፣ የሚከፍለውም የሚያዋሕደውም ክልሉ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች አስፈላጊ ሆነው በሚያገኟቸው የአስተዳደር እርከኖች እንደሚዋቀሩ፣ ለዝቅተኛዎቹ እርከኖችም ሕዝቡ በቀጥታ የሚሳተፍበት በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ክልል ግን የተለየ ጉዳይ ነው። በአንቀጽ 103 መሠረት ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምርጫ ክልሎች ወሰንም የቆጠራውን ውጤት መሠረት በማድረግ፣ በምርጫ ቦርዱ አቅራቢነት በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወሰናል። በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ተደንግጓል፤ በሥራ ላይ ያሉት የምርጫ ክልሎች 547 ናቸው። ስለዚህ ወረዳዎ በክልሉ ውሳኔ ለሁለት ቢከፈል እንኳ ሁለቱ ወረዳዎች በአንድ የፓርላማ ምርጫ ክልል ውስጥ ሊቀጥሉ ይችላሉ። በሰነዱ ላይ ወረዳው ይህን ያህል የፓርላማ መቀመጫ አለው ብለው ከመጻፍ ይልቅ በየትኛው ምርጫ ክልል እንደሚገኝና ያንን ምርጫ ክልል ከየትኞቹ ወረዳዎች ጋር እንደሚጋራ ቢጽፉ ትክክል ይሆናል።

ቆጠራ መዘግየቱ የሚጎዳው በዚህም በኩል ነው። ቆጠራ ካልተካሄደ ወሰኑ የሚከለስበት መሠረት አይኖርም።

መልስ፣ ከጡረተኛ የቆጠራ ተቆጣጣሪ

የከተማዋን እኔ ልመልስልህ። በ1999ኙ ቆጠራ ከተማ የተባለው በሦስት መንገድ ነው። የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዋና ከተማ የሆነ ቦታ ሕዝቡ ትንሽም ቢሆን ከተማ ተብሏል። ከዚያ ቀጥሎ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የነበረው ቦታ፤ ማኅበሩ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ስለነበር አንዳንዱ መንደር ከተማ የሆነው በዚህ ነው። በመጨረሻም ከሁለቱ ያልተካተተ ሆኖ 1,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያለው፣ ነዋሪዎቹም በዋናነት ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደሩበት ቦታ። የገበያ መንደርህ ምናልባት በሁለተኛው መንገድ የገባች ናት። ከተማ አስተዳደር የሆነው ዋና ከተማችሁ ደግሞ በዙሪያው የገጠር ቀበሌዎች ስለተጨመሩለት የአሁኑ ሕዝቡ የ1999ኙ የከተማ ሕዝብ ብቻ አይደለም። የገጠር ቀበሌዎቹን ከወረዳህ አውጥተህ የከተማውን ሕዝብ ሳትነካ ከተውክ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ድምሩ ይፋለሳል። ሁለቱን በተለያየ ዓምድ ያዛቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1999 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ቤተሰብ በአማካይ 4.9 ሰው፣ በከተማ ደግሞ 3.8 ሰው ነበር። የቀበሌዎቹን ቁጥር ስትመረምር ሕዝቡን በአባወራና እማወራ ቁጥር አካፍለው። ሰባትና ስምንት ከወጣልህ፣ ወይ ሕዝቡ በዝቷል ወይ የቤተሰቡ ቁጥር ጎድሏል፤ ደውለህ ጠይቅ። ሦስት ከወጣም እንደዚያው።

መልስ፣ ከአዲስ የፕላን ባለሙያ

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሼ መጣሁ። የደረስሁበትን ብነግራችሁ ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

የ1999ኙን ቁጥር በአሁኑ የወረዳ ወሰን በቀበሌ ደረጃ አቀናብሬ ጨርሻለሁ። በሰነዱ ውስጥ ዋናው ቁጥር እሱ ነው፤ ዓመቱና ወሰኑ አብረውት ተጽፈዋል። ቀጥሎ ትንበያውን በሁለት የዕድገት መጠን አስልቼ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ አስቀምጫለሁ፤ የበላይ ኃላፊዬ መጀመሪያ አንድ ቁጥር ብቻ ይሁን ብለውኝ ነበር፣ የጤና ጣቢያውን ምሳሌ ስነግራቸው ግን ተስማሙ። የቀበሌዎቹን መዝገብ እንደ ሕዝብ ብዛት አልተጠቀምሁበትም፤ የቤተሰብ ቁጥራቸውን ብቻ በተለየ ሠንጠረዥ አስገብቻለሁ።

ድምሩ እንዲህ የበዛበትን አንዱን ምክንያት ያገኘሁት ግን በመስክ ነው። ጋሼ እንዳሉኝ የቤተሰብን አማካይ ሳሰላ ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች አጠራጠሩኝና የሁለቱን ሥራ አስኪያጆች ይዤ ወሰናቸው ላይ ወጣሁ። በመካከላቸው አርባ ያህል ቤት ያላት አንዲት ጎጥ አለች። ቀበሌዎቹ ሲዋሐዱ ወሰኑ ከወንዙ ወደ ጋራው ተዛውሯል፤ በወረቀት ላይ ጎጧ ወደ ምሥራቁ ቀበሌ ገብታለች፣ ሰዎቹ ግን ልጆቻቸውን የሚያስተምሩትም ግብር የሚከፍሉትም በምዕራቡ ነው። ሁለቱም ሥራ አስኪያጆች ለዓመታት በየራሳቸው መዝገብ ሲያስገቧት ኖረዋል። እዚያው በደጃቸው ያገኘናቸውን አንድ አዛውንት የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆኑ ስጠይቃቸው ሁለት መታወቂያ አውጥተው አሳዩኝ፤ ሁለቱም በማኅተም የተረጋገጡ ናቸው።

ጎጧን ለጊዜው በምዕራቡ ቀበሌ ሥር መዝግቤ ከግርጌ ማስታወሻ ጽፌባታለሁ። የወሰኑን ጉዳይ የሁለቱ ቀበሌ ምክር ቤቶች በሚቀጥለው ወር አብረው ተቀምጠው ሊያዩት ቀጠሮ ይዘዋል፤ የ1999ኙን ንድፍ ካርታ ቅጂ ካገኘሁ ይዤ እገኛለሁ። ጋሼ፣ ቅጂውን ከየት መጠየቅ እንዳለብኝ የሚያውቁ ከሆነ እባክዎ ይንገሩኝ።